የትኛው አማኑኤል?

ደብረ ማርቆስ ላይ «አማኑኤል ልሄድ ነው» ያለ ሰው ንግግሩን እዚያ ላይ መዝጋት የለበትም። ቶሎ ብሎ «ጤፍ ልገዛ» ወይም «ክርስትና ተጠርቼ» ብሎ መቀጠል አለበት። አማኑኤል ሁለት ነውና። አንደኛው በባሕር ዳር መንገድ፣ ደንበጫ ሳንደርስ የምናገኘው የማቻክል ወረዳ ከተማ ነው፤ ዘመድ የማይታጣበት። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተከፍቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከዚህ የተነሣ ስሙ ከሕመሙ ጋር ተጣብቆ ቀረ። «አንተ እኮ አማኑኤል ነው መግባት ያለብህ» ሲባል ሰው የሚቆጣው ለዚህ ነው። የስሙ ፍቺ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ የሚለው የለም።

እኔ ይህን እያወቅሁ ተሳሳትሁ። አንድ ሐሙስ ማታ አከራዬን እትዬን «ቅዳሜ አማኑኤል እሄዳለሁ» አልኋቸው። ያጎቴ ልጅ ሊዳር ነው፤ እሱን ግን አልተናገርሁም።

እትዬ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «መቼ ትመለሳለህ?»

«እሑድ። ካልያዙኝ።»

«ይይዛሉ እንዴ?»

«አምና እኮ አራት ቀን ያዙኝ። ጫማዬን ደብቀው!»

ትንሽ ዝም አሉ። «ብቻህን ነው የምትሄድ?»

«ኧረ ሁለቱ ወንድሞቼ ናቸው የሚወስዱኝ። መኪና ይዘው ይመጣሉ።»

«እሰይ» አሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዘመድ ያለው ሰው ምን ይሆናል። ከያዙህም ግድ የለም ልጄ፤ አትታገላቸው።»

ምክሩ ትንሽ ቢገርመኝም ስለ ጠላው መስሎኝ «እሺ፣ አልታገልም» ብዬ ገባሁ።

ሰኞ ስመለስ በሬ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን ጠበል ተቀምጦ አገኘሁ። ቢሮ ስገባ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። አለቃዬ፣ ለወትሮው «ሪፖርቱ የት ደረሰ?» ሳይሉ ደህና አደርህ የማይሉት ሰው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሪፖርቱን ሌላ ሰው ይሠራዋል፣ አንተ ቀስ በል» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ነገሩ የገባኝ ማክሰኞ ጧት ነው፤ ያስተባበልሁት ግን ሐሙስ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የተከበርሁበት ጊዜ የለም። ረቡዕ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሩን ዘጋ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠና «ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ምን አስኬደህ? ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንን ወርዶ፣ ጎሃ ጽዮንን ወጥቶ! እዚሁ ከተማችን ውስጥ እኮ ሰው አለ» አለኝ። ቦታውንም በወረቀት ነድፎ ሰጠኝ።

እዚሁ ያለውን «ሰው» ያገኘሁት እንዲህ ነው።

በሩ ላይ «የሥነ ልቦና የምክር አገልግሎት» ይላል። ገብቼ ገና ሳልቀመጥ «እኔ እንኳ ምንም የለብኝም፤ እንዲያው ነገሩ በስሕተት ነው» አልሁ። «ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው የሚገባው» አለኝና ወንበር አሳየኝ። ታሪኩን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆንን።

ያ የበሩ ጽሑፍ የመከራው ምንጭ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። ፈረንጅ «ካውንስሊንግ» የሚለውን እኛ «ምክር» ብለን ተረጎምነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ምክር ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ምክር ማለት አንዱ አዋቂ ተቀምጦ «ስማኝ ልጄ» ብሎ የሚጀምረው፣ ቢያንስ አንድ ተረትና ሁለት ምሳሌ ያለበት፣ «እኔ ባንተ ዕድሜ ሳለሁ» የሚለው የማይቀርበት ነገር ነው። ሰዉ ይህንን ጠብቆ፣ ከፍሎ ይገባል። ወዳጄ ደግሞ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ይጠብቃል እንጂ አይመክርም። አንዲት እናት አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ምራታቸው ሲናገሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ «እንግዲህ እኔው ሄጄ ባናግራት ይሻላል» ብለው ተነሡ። በር ላይ ደርሰው ዞር አሉና «ለመሆኑ ምክሩ የታለ? ከፍዬ ገብቼ ራሴን መክሬ ልወጣ?» አሉት። ለወዳጄ እስከ ዛሬ ከተሰጡት የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ይህ ይበልጥበታል።

ስሙን የማልጽፈው ደብቅ ብሎኝ አይደለም። ስሙን ብጽፍ ነገ መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ ይታማል። እሱም ይህንን ስለሚያውቅ ቢሮው የመጣን ሰው መንገድ ላይ ቀድሞ ሰላም አይልም። የሙያው ሕግ ነው፤ ታካሚው ሰላም ካለው ይመልሳል፣ ካላለው እንደማያውቅ ያልፋል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ግን ደብረ ማርቆስን አያውቋትም። እዚህ ሰላም ሳይባባሉ ማለፍ ማለት ጠብ ነው፤ ወይም ኩራት ነው፤ ወይም ብድር ነው። እናቱ ማኅበር ላይ «ልጅሽን ምን ነካው? ባጠገቤ አለፈና ዝም አለኝ» ሲባሉ ሰነበቱ። ቆይቶ ግን ነገሩ ተገለጠላቸው። አሁን አንዲት ጎረቤት «ልጅሽ ሰላም አላለኝም» ብላ ስትከሳቸው፣ እናት በሆዳቸው «አሃ፣ አንቺም ሄደሻል?» ይላሉ። በዚህ ዓይነት የምስጢር ጥበቃው ራሱ ምስጢር ማውጫ ሆነ። ወዳጄ ጭንቅ ሲለው መላ አገኘ፤ ያወቀውንም ያላወቀውንም ሰው ሁሉ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ ሰላም ማለት ጀመረ። ሰው «እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ወጣው!» ይላል።

ስለ ሙያው ማስረጃ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ዲግሪዎቹ ግድግዳው ላይ በመስታወት ተሰቅለዋል፤ ቀና ብሎ ያነበባቸው የለም። የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ጥያቄው ደግሞ ወጥመድ አለበት። መልሱ ካልታወቀ ባዳ ነው፤ ለባዳ ደግሞ ምስጢር አይነገርም። መልሱ ከታወቀ ዘመድ ነው፤ ለዘመድ ምስጢር ተነግሮማ! አንድ አዛውንት ሦስት ትውልድ ቆጥረው በአያት በኩል እንደሚዛመዱ ሲደርሱበት፣ ደስ ብሏቸው አቅፈው ሳሙትና የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ ወጡ።

ለሚጠይቁት ጥቂቶች ደግሞ የሚያስረዳው ነገር ብዙ ነው። ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፤ ክኒንና መርፌ ያዛል። እሱ ግን ሳይኮሎጂስት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተምሮ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ይዞ፣ በንግግር የሚያክም። «ታዲያ መርፌ የለህም?» ይሉታል። የለኝም ሲል ፊታቸው ላይ የሚታየውን ቅሬታ ለመግለጽ ቅኔ ያስፈልጋል። መርፌ የሌለው ሐኪም ጎጃም ውስጥ ጠላ እንደሌለው ድግስ ነው።

አገሪቱ ራሷ ወደዚህ ሙያ ዘግይታ ነው የመጣችው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም እየተባሉ ስማቸው የሚነሣው ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት አገር ውስጥ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ያኔ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ገደማ ነበሩ። ለሰባ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ! አንድ የእግር ኳስ ቡድን ይወጣቸዋል፤ ተቀያሪ ግን የለውም። ወዳጄ ይህን ሲናገር አንድ ነገር መጨመር ይወዳል። በ2014 ዓ.ም. የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሲቋቋም ዋና ኮሚሽነር ሆነው የተሾሙት ፕሮፌሰር መስፍን አርዓያ ሙያቸው ሳይካትሪ ነው። አገር ተጨንቆ ተጨንቆ ሲያበቃ ማንን እንደሚጠራ አያችሁ? ኮሚሽኑ ምን ሠራ ምን አልሠራ የሚለውን ለሌላ ጸሐፊ እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ ስሙ ነው፤ እዚያም «ምክክር»፣ እዚህም «ምክር»።

አሁን ወደ ወዳጄ የኋላ ታሪክ ልምጣ፤ ግድግዳው ላይ ያልተሰቀለ ዲግሪ አለዋ። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ በዱላ እየመከተ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቅኔ ቤት ገብቷል። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል ያልሰማ የለም። ሁለት ዓመት ቅኔ ሲቆጥር ከርሞ የኔታ አንድ ቀን «አንተ ባለቅኔ አትሆንም፤ ግን የሌላውን ቅኔ ሰምተህ ወርቁ የት እንዳለ ቶሎ ታሸታለህ» አሉት። ያን ጊዜ አልቅሷል። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሳይኮቴራፒ ኮርስ ሲወስድ ግን «ይኼማ የኔታ የነገሩኝ ነው» አለ። ታካሚው የሚናገረው ሰሙን ነው። ወርቁ ውስጥ አለ። የባለሙያው ሥራ ወርቁን ከሰውየው አፍ ነጥቆ መናገር አይደለም፤ ባለቅኔው ራሱ እስኪደርስበት አጠገቡ መቀመጥ ነው።

ካርል ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ አለ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ ዛሬ የምክር አገልግሎት የሚባለው ነገር ሁሉ አባት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ወዳጄ እሱን የሚወደው በሐሳቡ ብቻ አይደለም፣ በትምህርት ታሪኩም ነው። ሮጀርስ ጉርምስናውን እርሻ ላይ አሳለፈ። ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመረጠው ግብርና ነው። ቀጥሎ ሐሳቡን ቀየረና ኒውዮርክ ሄዶ መንፈሳዊ ኮሌጅ ገባ። ከዚያም ወጥቶ መንገዱን ተሻገረና ፊት ለፊት ያለው ኮሌጅ ሥነ ልቦና ተማረ። ገበሬ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ከዚያ የሰው ልብ አድማጭ። «ይኼ ሰው የቢቸና ልጅ መሆን ነበረበት» ይላል ወዳጄ። ሮጀርስ ደርሶበት ያስተማረው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ሰውን ሳትፈርድበት፣ እንዳለ ተቀብለህ፣ ከልብህ ካዳመጥኸው የሚበጀውን ራሱ ያገኘዋል። ሲሠራ ግን አበሳ ነው። እስቲ እናንተ ዛሬ ማታ ሞክሩት። የባለቤታችሁን ወይም የልጃችሁን ብሶት፣ «አንተስ ምነው እንዲህ ብታደርግ?» ሳትሉ ለአሥር ደቂቃ ስሙ። እኔ ሦስት ደቂቃ ላይ ወደቅሁ።

ፍሮይድንም ቢሆን አይንቅም፤ ሶፋውን ግን ትቶታል። የፍሮይድ ሶፋ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ አንዲት ታካሚ በስጦታ የሰጡት ነው ይባላል፤ የፋርስ ምንጣፍ ለብሶ ዛሬም ለንደን በሙዚየም ተቀምጧል። ታካሚው ይጋደማል፣ ፍሮይድ ከራስጌው በስተኋላ ይቀመጣል። ወዳጄ ሥራ እንደጀመረ እንዲህ ያለ ነገር ሞክሮ ነበር። አንድ የመቶ አለቃ ጡረተኛ ገቡና «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ጋደም ይበሉ» አላቸው። አፈጠጡበት። «ለምን? ሬሳ ነኝ? ልጅ ተቀምጦ ሽማግሌ ይጋደማል እንዴ?» ሶፋው በሳምንቱ ተሸጠ።

ነገር ግን ከፍሮይድ አንድ ምስጢር ወሰደ። ፍሮይድ ከኋላ የተቀመጠበትን ምክንያት ራሱ ጽፎታል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ሰው ሲያፈጥበት መዋል አልቻለም። የእኛም ሰው ያው ነው! የሙያው መማሪያ መጽሐፍ «የታካሚውን ዓይን ዓይን ተመልከት» ይላል፤ ጎጃም ላይ ግን ዓይን ለዓይን የሚተያይ ጠበኛ ወይም ፍቅረኛ ነው። ጨዋ ሰው ከባድ ነገር ሲናገር መሬት ያያል፤ ሰሚውም ወዲያ ዞር ይልለታል። ስለዚህ ወዳጄ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርጎ፣ ፊት ለፊታቸው የከሰል ምድጃ አኖረ። የደብረ ማርቆስ ብርድ ምክንያት ሆነለት። ሁለቱም እሳቱን እያዩ፣ እጃቸውን እያሞቁ ይናገራሉ። «ብዙ ሰው ለእኔ ሳይሆን ለፍሙ ነው የሚናገረው» ይላል።

የሚናገሩት ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው! «ጭንቀት አለብኝ» ብሎ የሚገባ የለም። ጭንቀት ያለበት ሰው «ራሴን እንደ ጉንዳን ይወረኛል» ይላል። «እዚህ ጋ አንዳች ነገር ይሄዳል» ይላል፤ እዚህ ጋ የተባለው በሁለት ቀን ውስጥ ከብብት ወደ ጉልበት ይዛወራል። ከሁሉ በላይ ግን ሆድ ነው። ፈረንጅ ሐዘኑን ከልቡ ያኖራል፤ እኛ ሆዳችን ውስጥ ነው። ሆዳችን ይባባል፣ ሆዳችን ይብሳል፣ ሆድ ለሆድ እንነጋገራለን፤ የማይነገረውን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ወዳጄ መጀመሪያ ላይ «ሆዴን» ያለውን ሰው ሁሉ ለጨጓራ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ይልክ ነበር። አሁንም ይልካል፤ ሆድ አንዳንዴ እውነትም ሆድ ነውና። ውጤቱ «ምንም የለበትም» ተብሎ ሲመለስ ግን ወንበሩን ጠጋ አድርጎ «እስቲ ሆድዎ ስለ ፈጀው ነገር ያጫውቱኝ» ይላል።

አንዱን ታሪክ ልንገራችሁ። የሰውየውን ስምና ቀበሌ አልነገረኝም። በታሪኩ ውስጥ ያለው በሬም በሬ መሆኑን አላምንም፤ ምናልባት በቅሎ ይሆናል፤ ወዳጄ ምስጢር ሲጠብቅ እንስሳውን ሳይቀር ይቀይራል። አንድ ገበሬ «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ይመጣል። ምን ያሳስብዎታል ሲባል በሬው ነው። «ግራው በሬ ከቀኙ ጋር አልጠመድ አለኝ አያ ሐኪም። ቀንበር ሲያይ ይሸሻል። ደግሞ ከአንድ እናት ናቸው፤ አባቴ ናቸው ያወረሱኝ።» የመጀመሪያው ቀን በሙሉ ስለ በሬ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ወዳጄ «ጥጆች ሳሉ እንዴት ነበሩ?» አለው እንጂ ሌላ አልጠየቀም። ሰውየው እሳቱን እያየ፣ አንዱ ጥጃ ሌላውን ይልሰው እንደነበር፣ አንዱ ከሌለ ሌላው ሣር እንደማይነካ፣ ኋላ «በድንበሩ ነገር» እንደተራራቁ ነገረው። በሬ በድንበር የሚካሰስበትን ወረዳ እኔ አላውቅም። ወዳጄም ጥያቄ ነበረው፤ ምላሱን ነክሶ ዋጠው። ሦስተኛው ቀን ሰውየው ግማሹን ሰዓት ዝም ብሎ ወጣ። ለአራተኛው ቀን ሳይመጣ ቀረ። የመጣው ከትንሣኤ በኋላ ነው፤ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ሳቅ ሳቅ እያለ።

«በሬው ተጠመደ» አለ።

«እሰይ! እንዴት ሆነ?»

«ቀድሜ ሄድሁ። ፋሲካን አብረን ፈሰክን።»

በሬ እንደማይጾም ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም አላነሡትም።

እኔ ብሆን «ወንድምህን ነው አይደል?» ብዬ ነጥቄ እገድለው ነበር። አክስቴም እንደዚያው። አክስቴን ላስተዋውቃችሁ፤ በእኔ ግምት የምሥራቅ ጎጃም ትልቋ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ዲግሪ የላትም፣ ቡና አላት። አቦል ላይ ትጠይቃለች፣ ቶና ላይ ትፈርዳለች፣ በረካ ላይ ጎረቤት ይሰማል። ወዳጄ ከእርሷ ጋር አይወዳደርም፤ ከነፍስ አባትም፣ ከሽማግሌም፣ ከጠበልም አይወዳደርም። የነፍስ አባት ምስጢር በመጠበቅ ይበልጡታል። ይሁን እንጂ እሳቸው ጋ የሚኬደው ኃጢአት ተይዞ ነው። ኃጢአት ሳይኖርበት እንዲሁ የከፋው ሰውስ? «አባ፣ ምንም አላጠፋሁም፤ ግን መኖር ሰለቸኝ» ለሚል ሰው ስንት ስግደት ይታዘዛል?

አንድ ቀን ለአክስቴ ስለ ዚምባብዌ ነገርኋት። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ ሳይካትሪስት፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሃራሬ ከተማ ምባሬ የሚባል ሰፈር፣ ሐኪምም ክፍልም ቢያጡ 14 አያቶችን አሠልጥነው ጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ሰው ይመጣል፣ ካጠገባቸው ይቀመጣል፣ የከበደውን ይናገራል። በሾና ቋንቋ ሕመሙ «ኩፉንጊሲሳ» ነው የሚባለው፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው፤ የእኛው «ሐሳብ ገብቶታል» እኮ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣው ጥናት 573 ሰዎች ተሳትፈው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ እጅግ ተሽሏቸው ተገኙ። አክስቴ ሰምታ ሰምታ «እና የጎደለን ወንበር ነው?» አለች። ይህንኑ ለወዳጄ ወስጄ ነገርሁት። «ወንበሩማ ሞልቷል» አለ፤ «አያቶቹን መጀመሪያ ያስተማሯቸው ጠይቆ መልሱን መጠበቅን እንደሆነ ንገራቸው።» ተመልሼ ነገርኋት። «መጠበቅ? ቡናው እየቀዘቀዘ?» አለችኝ።

ቀልዱ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እሱንም ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን አስጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። ጓዳ ውስጥ ታስሮ የሚኖር ሰው ያለበት ቤት በየአገሩ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሲመጣ ወዳጄ ቅኔ አይፈታም፤ ቤተሰቡን ይዞ መድኃኒት ወደሚያዝዘው ሐኪም ራሱ ይወስዳል። ጠበል ማስጠመቅ የሚፈልጉትን «ጠበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑንም አታስቀሩ» ይላቸዋል። ያለፉት ጥቂት ዓመታት በዚህ አገር ሰው ላይ ያወረዱትን ጭንቀት ደግሞ ለወግ አልደፍረውም።

ወዳጄ የከተማው ሰው ስለሆነ ሐዲስ ዓለማየሁን ሳያነሣ ውሎ አያድርም። ሐዲስ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ፤ ሰው ሁሉ ያሰበውን ስላላሰበና ያሰበውን ስለተናገረ «ጉዱ ካሣ» ተብሎ እንደ እብድ የተቆጠረ። «ጉዱ ካሣን ዘመዶቹ ይዘው ቢያመጡልህ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሱን ደጅ አስቀምጬ ዘመዶቹን አስገባለሁ» አለኝ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ በኔም ላይ ካልተሠራ ብዬ አንድ ቀን ከፍዬ ገባሁ። ለመፈተን ነው። ምን ልበለው ስል አንድ እውነተኛ ችግር ትዝ አለኝ። ከሥራ ወደ ቤት ስሄድ በአቋራጩ አልሄድም፤ ከአንድ ልኳንዳ ቤት አጠገብ ተናካሽ ውሻ አለ። ስለዚህ በዋናው መንገድ ዞሬ፣ ሃያ ደቂቃ ጨምሬ እሄዳለሁ።

«ውሻ እፈራለሁ» አልሁት።

«እህ» አለ። ፍሙን ቆሰቆሰ።

ስለ ውሻው ተናገርሁ። ቀለሙን፣ ጥርሱን፣ የጌታውን ግዴለሽነት፣ የቀበሌውን ዝምታ። እሱ «እህ» ይላል። ውሻው አለቀብኝ። ዝም አልን። ዝምታ ሲረዝም የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ አፍ ራሱ ይከፈታል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ። ከኅዳር አልሁ። ውሻው ግን እዚያ ከኖረ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ይህን ስናገር የሰማሁት እኔው ራሴ ነኝ። ከልኳንዳው ቀጥሎ ያለው ግቢ የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። አብሮ አደጌ ነው ያለበት። ኅዳር ላይ እናቱ ሞቱበት። እኔ መስክ ላይ ነበርሁ፤ ስመለስ ሠልስቱ አልፏል፤ «ነገ እደርሳለሁ» አልሁ፤ ነገ ሌላ ነገ ወለደ፤ አርባው አለፈ። ጎጃም ውስጥ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በየትኛው እግሩ ነው በዚያ በር የሚያልፈው?

ይህን ሁሉ ለፍሙ ነገርሁት። ጨርሼ ቀና ስል ወዳጄ ሰዓቱን አየና «ለዛሬ ጨርሰናል» አለኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ዝም።

«ምክር የለህም?»

ሳቀ። ያቺን ምራታቸውን ያሙ እናት ትዝ አሉኝ። እንደሳቸው በር ላይ ደርሼ ዞር ብዬም አየሁት።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ በአቋራጩ ሄድሁ። አብሮ አደጌ በሩን ከፈተና ትንሽ ዝም ብሎ አየኝ። ተቃቀፍን። እስኪበቃን ተላቀስን። ኋላ ገብተን ስንቀመጥ «ግን የት ጠፍተህ ነው? የሚያወሩት እውነት ነው እንዴ፣ አማኑኤል ነበርህ አሉ?» አለኝ።

«ሠርግ ነው የሄድሁ።»

«ሠርጉ ይህን ሁሉ ወር ያዘህ?»

ጥፋቴን ሳላስተባብል ነገርሁት። እስኪመሽ አመሸን፤ ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ውሻው ግን እውነትም ተናካሽ ነው፤ ሱሪዬን ቀደደው።